የቢርካዋ ትንኝ

የዶርሜ ልጅ ዘንድሮ ከቤቷ ስትመጣ እናቷ ለሎከሯ ናፍታሊን ሰጥተዋት ነበር። ሎከሩን በከፈተች ቁጥር ሽታው እኔ አልጋ ድረስ ይመጣል። ሌሎቹ ልጆች የአሮጊት ቁም ሣጥን ሽታ ነው እያሉ ይስቁባታል። እኔ ግን ሲሸተኝ የሚታየኝ ልብስ አይደለም። ክዳኑ መስታወት የሆነ የእንጨት ሣጥን፣ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ፣ ስፖንጁ ላይ በመርፌ የተደረደሩ ትንኞች ናቸው።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ኮሮና ከመምጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ያለው በጋ ነው፤ ጅግጅጋ ውስጥ ሶማሊኛ የማይችለው ሰው እንኳ ጂላል ብሎ የሚጠራው ደረቁ ወቅት። እናቴ የቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ጋሽ መንገሻ የሚባሉ ጡረተኛ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባታቸው ወታደር ሆነው መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። እሳቸው ጅግጅጋ ተወልደው፣ ሶማሊኛን ከአማርኛ እኩል እየተናገሩ አደጉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በወባ መከላከያ ሥራ ነው። ትንኝ ይሰበስባሉ፣ የትኛዋ ዝርያ እንደሆነች ይለያሉ፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንም አልፈለጋቸውም። በዚያ በጋ ግን ሰናይት የምትባል ወጣት ዶክተር ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ለጥናቷ ከጅግጅጋና ከቀብሪበያ የወባ ትንኝ ሰብስበውና ለይተው እንዲያስረክቧት ጠየቀቻቸው። ሥራው ከተሳካ በሚቀጥለው ጂላል ሐርተሼክንና ሸደርን እንደምትጨምርላቸውም ነገረቻቸው። ማይክሮስኮፕ ትታላቸው ሄደች። በማግስቱ ጋሽ መንገሻ አሮጌ ኮታቸውን ለእናቴ አምጥተው እንድትተኩስላቸው ለመኗት። ሲለምኑ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ከትምህርት ቤት ስመለስ እየገባሁ የሚያስፈልጋቸውን እንዳደርግላቸው አዘዘችኝ። እኔ ደግሞ ከታዘዝኩት በላይ ሠርቼ መመስገን የምወድ ልጅ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ የማጠፋው እኔ ነበርኩ፤ ማንም አልመደበኝም፤ መምህሩ አንድ ቀን «ማህሌት፣ ተባረኪ» ስላሉኝ ብቻ ዓመቱን ሙሉ አጠፋሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ቀብሪበያ እንሄድ ነበር። እዚያ ብዙ ሰው የሚጠጣው ከቢርካ ነው። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተለሰነ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የዝናቡን ውኃ ይይዝና በጂላል ይቀዳል። ጋሽ መንገሻ ደረጃውን በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ይወርዱና በነጭ ጭልፋ ውኃውን ቀስ ብለው ይጨልፋሉ። ከዚያ ጭልፋውን ወደ እኔ ያዞሩታል።

የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ገጽ ሥር ጋደም ብላ ትተኛለች። ሌላዋ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። እኛ የምንፈልገው የምትተኛዋን ነበር። «ተኝታለች ወይስ ተንጠልጥላለች?» ይሉኛል። እኔ እነግራቸዋለሁ። ሁሌም ትክክል ስለነበርኩ በራሴ እኮራ ነበር። እሳቸው እያዩ እኔን የሚጠይቁኝ እንደ መምህር ሊፈትኑኝ ይመስለኝ ነበር። መልሱን ሳያውቅ የሚጠይቅ መምህር አይቼ አላውቅም።

ብዙ እጭ ያገኘንበት ቢርካ የኤዶ ሩቅያ ነበር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ትልልቅ ሴቶችን ሁሉ እንዲያ ነው የምንጠራቸው። ኤዶ ሩቅያ ከቢርካው አፍ ላይ ቁጭ ብለው ጋሽ መንገሻን ሲወርዱም ሲወጡም ይተርቧቸዋል። አንድ ቅዳሜ ግን አልተረቡም። ትንሹ ልጃቸው በዚያ ጂላል ለሁለተኛ ጊዜ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር። ወባን ዱሞ ነው የሚሉት።

ጋሽ መንገሻ በሶማሊኛ፣ «ሩቅያ፣ በጂላል ዱሞ የለም። ዱሞ ዝናብን ተከትሎ ነው የሚመጣው» አሏቸው።

«ልጄ የሚንቀጠቀጠው ወሩን ጠይቆ አይደለም።»

«ብርድ ይሆናል።»

«ክሊኒኩ ጣቱን ወግቶ አይቶታል። አንተ ሂድና ብርድ ነው በላቸው፤ ትንኝ ስለቅም ያረጀሁ ሰው ነኝ ብለህ።»

ጋሽ መንገሻ እጮቹ ያሉባቸውን ጠርሙሶች በጥጥ ወተፉ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ለራሱ እንደሚናገር ሰው አጉረመረሙ። እሳቸው ነባሯ የሚሏት፣ እኛ አገር የኖረችው የወባ ትንኝ፣ የምትፈለፈለው ከዝናብ በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው ኩሬ ውስጥ ነው። ከመሬት በታች ባለ ጥልቅ ውኃ፣ ያውም በደረቅ ወር፣ ምን ልትሠራ ገባች? መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲያነሱና ሲጥሉ ቆይተው፣ ጅግጅጋ ልንደርስ ስንል «ኩሬው ሲደርቅባት ተሰዳ ይሆናል» አሉ። ያስደሰታቸው መልስ አልነበረም፤ ግን ሌላ አልነበራቸውም።

እጮቹን በመረብ በተሸፈኑ የፕላስቲክ ኩባያዎች ውስጥ እናሳድጋቸዋለን። ክንፍ ሲያወጡ መገደል አለባቸው፤ የሚገደሉት በብርድ ነው፤ ፍሪዘር ያለው ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ባለሱቁ ከድር ብቻ ነው። ከድር ከስልጤ የመጣ ወጣት ነጋዴ ነበር። ኩባያውን ይዤ ስመጣ ከሩቅ ያየኝና ለደንበኞቹ፣ «መጡ፣ የጋሼ ከብቶች ለእርድ መጡ» ይላል። አንድ ቀን ጋሽ መንገሻ ራሳቸው ይዘው ሲገቡ፣ «ጋሼ፣ ሰው የዚህን ሱቅ ጁስ ጠጥቶ ቢታመም ተጠያቂው ማነው?» አላቸው። እሳቸውም ሳይስቁ፣ በፍሪዘሩ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ቀኑ ያላለፈበት ትንኙ ብቻ ነው አሉት። ከድር ያን ቀልድ ለሳምንት ያህል ለገባ ለወጣው ሁሉ አወራው።

የሞቱትን ትንኞች አንድ በአንድ በሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ ላይ በሙጫ እንለጥፋለን፤ ወረቀቱን መርፌ እንወጋዋለን፤ ከሥሩ እንደ ጥፍር የምታንስ መግለጫ እንሰካለን። መግለጫው አራት መስመር አለው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የሰብሳቢው ስም፣ በመጨረሻም የትንኟ ስም። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ።

ስሟ የሚገኘው ግን በጥያቄ ነው። ጋሽ መንገሻ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመለያ መጽሐፍ ነበራቸው። እያንዳንዱ ቁጥር ስለ ትንኟ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ አዎ ካልሽ ወደ አንዱ ቁጥር ይመራሻል፣ አይደለም ካልሽ ወደ ሌላው፤ መጨረሻ ላይ ስም ትደርሻለሽ። እሳቸው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው በአማርኛ ይጠይቁኛል፤ እኔ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብዬ በማይክሮስኮፑ እያየሁ እመልሳለሁ። አንድ ቀን አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ሲጠይቁኝ የተዘረጋው ገጽ ላይ ያለው ገና ሦስተኛው ነበር። በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው ብዬ ይበልጥ አደነቅኳቸው።

የመጀመሪያዋን የኤዶ ሩቅያ ቢርካ ትንኝ ያየሁበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከአፏ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች ይወጣሉ፤ ጥያቄው በእነሱ ላይ ስንት ነጭ ቀለበት አለ የሚል ነው። ሦስት ነበሩ። ግን በቀለበቶቹ መካከል ባለው ጥቁር ላይም የተበተነ ነጭ ነገር አየሁ።

«ነጭ ዱቄት አለባት» አልኩ።

«ዱቄት የሚል ጥያቄ የለም። ቀለበቱን ቁጠሪ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ፈተና እንደወደቅኩ ገባኝ። «ሦስት» አልኩ። «ጎበዝ» አሉና ወደሚቀጥለው አለፉ። መጨረሻ ላይ የደረስንበት ስም የነባሯ ነበር።

ያን ለታ መርፌውን ስመልስ ጣቶቼን አየሁ። ጥፍሬ ሥር የጠመኔ ብናኝ ነበረ። ያኔ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ ትንኟን ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ሰሌዳ ባጠፋሁበት እጄ ነክቼ ጠመኔ አልብሻታለሁ፤ ጋሽ መንገሻም ስላዩት ነው ፊታቸው የጠቆረው፤ ጨዋ ስለሆኑ ብቻ ዝም አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዱቄት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከትምህርት ቤት ስመጣ እጄን በኦሞ እታጠብ ነበር። ዱቄቱ ግን በየትንኟ ላይ አለ። አንዷን በውኃ ቀለም ብሩሽ ላጸዳት ሞክሬ አንድ እግሯ ተነቀለ፤ ደንግጬ በሙጫ መልሼ ለጠፍኩት። ምን ያህል ቀለበት ሲሉኝ ሦስት፤ ሌላ የሚታይ ነገር ሲሉኝ ምንም የለም። መልሴን ሳልጨርስ የሚሰማቸውን ደስታ ከድምፃቸው ማወቅ ጀመርኩ፤ ጥያቄውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ወደየት እንደሚያዘነብል እሰማና እዚያው እሄድላቸዋለሁ። ሃምሳ ሁለት ትንኝ በዚህ መንገድ ስም አገኘች። ሁሉም ነባሯ ሆኑ።

ዶክተር ሰናይት ለመምጣት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ጋሽ መንገሻ ከሣጥኑ ጋር የሚሄደውን ደብዳቤ አጻፉኝ። ትንኟ የታወቀችው ነባሯ እንደሆነች፣ ቢርካ ውስጥ የተገኘችው ውኃ ሲጠፋ በአጋጣሚ ገብታ እንደሆነ፣ ስለዚህ የእጭ ማጥፊያው መድኃኒት እንደ ወትሮው በዝናብ ጊዜ ኩሬ ላይ ቢደረግ እንደሚበቃ ይላል። ቢርካዎቹ እንዳሉ ይቆያሉ ማለት ነው። ስጽፍ አልገባኝም። ግር ያለኝ ፊርማቸውን የት እንደሚያደርጉ ጣቴን ወረቀቱ ላይ አድርጌ እንዳሳያቸው ሲጠይቁኝ ብቻ ነው። ደክሟቸዋል አልኩ።

የአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ነበር። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል፤ ሰሌዳም ጠመኔም አልነካሁም። ከመጨረሻው ኩባያ አንዲት ትንኝ ወጥታ ነበር። ኩባያውን ከከድር ያመጡት ጋሽ መንገሻ ናቸው፤ ትንኟን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው ከነወረቀቱ ማይክሮስኮፑ ሥር አኖሩልኝ። ጫፌም አልነካትም። ዓይኔን ጣል ሳደርግ ዱቄቱ አለ።

ቀና ብዬ ጋሽ መንገሻን አየሁ። ኮታቸውን ብሩሽ እያደረጉ ነበር፤ ሰኞ ለዶክተሯ የሚለብሱትን። መደርደሪያው ላይ ከሥራ ዘመናቸው ያስቀሩት፣ ስማቸው የተለየ ትንኞች ያሉበት፣ ናፍታሊን ናፍታሊን የሚል አሮጌ ሣጥን ነበረ። ሳላስፈቅድ አወረድኩት። ከዚያ የነባሯ ስም የተጻፈባትን አንዲት ትንኝ አውጥቼ ከአዲሷ ጎን አደረግኋት። የነባሯ ቀለበቶች ቀጫጭን ናቸው፤ መካከላቸው ድፍን ጥቁር ነው፤ ምንም አልተነሰነሰበትም። የአዲሷ ሁለቱ የጫፍ ቀለበቶች ሰፋፊ ናቸው፤ መካከሉ ዱቄት ነው። እግሯም ዱቄት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ዝም ልል እንደምችል አስቤ ነበር። ሃምሳ ሁለቱም ተጽፈው አልቀዋል፤ ደብዳቤው ታሽጓል፤ ሁሉም ሰው ደስ ብሎታል። ነገር ግን የኤዶ ሩቅያ ልጅ ሁለት ጊዜ እንደተኛ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልኩ።

ብሩሹን ሳያስቀምጡ ሰሙኝ። ስለ ጠመኔው፣ ስለ እግሯ፣ ስለ አሮጌው ሣጥን ሁሉንም ተናገርኩ።

«ከየትኛዋ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያዋ።»

«ሃምሳ ሁለቱም?»

«ሃምሳ ሁለቱም። ግን እርስዎ አይተውት የለም እንዴ? እየፈተኑኝ መስሎኝ ነበር።»

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኮቱ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሱትም።

«አላይም፣ ማሂ» አሉ። «የዓይን ሞራ ነው። እጅሽን አያለሁ፤ ጣትሽን አላይም። ለዶክተሯ ብነግራት ሥራውን አትሰጠኝም ነበር።»

ትልቅ ሰው እንደ እኔ ፈርቶ እንደሚደብቅ የማውቀው ነገር አልነበረም። መጽሐፉን እንድዘጋው አዘዙኝ።

«አሁን ማንም አይጠይቅሽም። ከራሷ እስከ እግሯ ያየሽውን ብቻ በይ።»

አልኩ። ቀስ ብዬ፣ ከክንፏ ነጠብጣብ እስከ እግሯ ዱቄት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ስጨርስ እንደገና በይ አሉኝ፤ እንደገና አልኩ። «አላውቃትም» አሉ በመጨረሻ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ኀዘን ነበረ ማለት እችላለሁ፤ ግን ሌላም ነገር ነበረ፤ ከኮቱ ቀን በኋላ ያልሰማሁት ንቃት።

ደብዳቤውን ቀደዱት። ከዚያ መቀስ አቀበሉኝና ከእያንዳንዱ መግለጫ አራተኛውን መስመር እንድቆርጥ አዘዙኝ። ስም በስህተት ከሚጻፍ ቢጎድል ይሻላል አሉ። ቦታውና ቀኑ ግን በእግራቸው ሄደው የያዙት ስለሆነ አይነካም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቆረጥኩ። በገዛ እጄ ያሳመርኩት የላቲን ስም ሃምሳ ሁለት ጊዜ እንደ ጥፍር ተቆርጦ መሬት ላይ ወደቀ።

ዶክተር ሰናይት ሰኞ ጠዋት መጣች። ሣጥኑን ከፍታ ጎንበስ አለች።

«ስማቸውን አልጻፉትም፣ ጋሽ መንገሻ?»

«አላየኋቸውም፣ ዶክተር። ዓይኔ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። ያየችው እሷ ናት፤ እሷን ይጠይቋት።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን ማየት አልደፈርኩም። ዱቄት የተነሰነሰባት እንደምትመስል፣ ሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ዶክተሯ በርጩማው ላይ ተቀምጣ በማይክሮስኮፑ አየች፤ ሌላዋን አየች፤ ደግሞ ሌላዋን። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ከዚያ የእያንዳንዱን ቢርካ ቦታ ጠየቀች፤ ጋሽ መንገሻ ሣጥኑን ሳያዩ፣ ከየትኛው ደረጃ ላይ ቆመው እንደጨለፉ ሳይቀር፣ በተራ ነገሯት። እሷም ጻፈች።

«ስሟን ፈልጌ ላገኝ እችላለሁ» አለች። «ቦታውን ግን ማንም አይነግረኝም ነበር።»

ቀጥላ የሚቀጥለውን ሥራ ለሚያይ ሰው መስጠት እንዳለባት ነገረቻቸው። አላድበሰበሰችም። ጋሽ መንገሻ «ልክ ነው» አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለመኗት፤ የሩቅያ ቢርካ ቀድሞ እንዲታይ። በዚያው ሳምንት ሰዎች ሄደው መድኃኒት እንዳደረጉበትና አፉን በመረብ እንደሸፈኑት ኤዶ ሩቅያ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ትንኟም ከባሕር ማዶ የመጣች፣ የሰው ልጅ ውኃ የሚያጠራቅምበትን ሁሉ ቤቷ የምታደርግ ሌላ ዝርያ እንደሆነች ዶክተሯ ቆይታ ጻፈችላቸው። ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ።

ያን ሰኞ ግን መኪናው ከሄደ በኋላ ግቢው ጭር አለ። ጋሽ መንገሻ ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉና ኩባያዎቹን ማጠብ ጀመሩ። እኔ ቁጣ እየጠበቅኩ አጠገባቸው ቆምኩ። አንድ ባንድ አጥበው ግንቡ ላይ ደፏቸው።

«አሥራ ሁለት ናቸው አይደል?» አሉኝ።

አሥራ ሁለት ናቸው ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ግንቡ ጋ ሄጄ በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ።

«አሥራ አንድ ናቸው» አልኩ።

ጋሽ መንገሻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጎንበስ አሉና እጃቸውን ሳፋው ውስጥ ከተው በአረፋው ሥር መዳበስ ጀመሩ።